ተረት ያቋረጠ ሻይ የሚጋብዝበት ቤት

እኔ ልጅ ሳለሁ በጭሮ ከተማ የአባቴን ያህል ለሰው ሻይ የጋበዘ መምህር አልነበረም። ደግ ስለሆነ አይደለም። አፉን መያዝ ስለማይችል ነው።

ከሰፈራችን በላይ፣ ወደ ገበያ በሚያስወጣው ዳገት ላይ፣ ሁላችንም የእኛ የምንለው አንድ ሻይ ቤት ነበር። ያኔ መብራት ከሚኖርበት ምሽት የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር፣ ገና ሲመሻሽ ባለቤቱ ፋኖሱን ከማገሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ፈጢራ የሚጠበስበትን ከሰል በካርቶን ቁራጭ ያራግበዋል፤ ፍሙ በቀላ ቁጥር በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ፊት ከጨለማው ብቅ ይላል፣ ፍሙ ሲደበዝዝ ደግሞ ተመልሶ ይጠፋል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የዘይቱ ሽታ ልብስ ላይ ያድራል፣ በቡና ገለባና በወተት የሚፈላው ሆጃም ምላስ ይልጣል። እኔ ግን በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ተረት የሚነግሩን አው ሙሜ ነበሩ። «አው» በእኛ አገር ሙስሊም ሽማግሌ ሲከበር የሚጠራበት ነው። ቀን ቀን ጫት ይነግዳሉ፤ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጥግ ካለው መደብ ላይ ይወጡና፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዙ፣ ስለ ጅብ፣ ስለ ቀበሮ፣ ስለ ሞኝ አማች ያወራሉ። ድምፃቸው ለዚያች ጠባብ ቤት ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነበር። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ ተረት ያቋረጠ ሰው ለቤቱ ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ልጅ ቢያቋርጥ አባት ይጋብዛል። ዳኛም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን ይግባኝ የለውም።

ታዲያ አው ሙሜ ሻይ ሲያምራቸው ሆን ብለው ይሳሳታሉ። የከተማው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ጭጭ ይላል። የሚያዙት ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም አንዴ ከተያዙ በኋላ ይነቃሉ። አባቴ ግን ከጎጃም መጥቶ፣ ጂኦግራፊ አስተምሮ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አልነቃም። ነቅቶም ይሆናል፤ ስህተት ሰምቶ ማለፍ ግን ያመው ነበር። አው ሙሜ «ጅቡ ከሂርና ተነሣና ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ወደ ሐረር መንገድ ጀመረ» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ አባቴን ያያል። አባቴ ብርጭቆውን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ከዚያ ሐረር ከሂርና በስተምሥራቅ መሆኑን እጁን ዘርግቶ ያስረዳል። ሻይ ለሁሉም ይቀዳል። በማግስቱ በተረቱ ውስጥ ባቡሩ በገለምሶ በኩል ያልፋል፤ በሌላ ቀን የአሰቦት በረሃ ጫት ያበቅላል፤ አባቴም መጋበዙን ይቀጥላል።

በዚህ ሁሉ የምትቃጠለው እናቴ ነበረች። አስካለ ትባላለች፣ የሂርና ልጅ ናት፣ ምላሷን ጭሮ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እራት ሲቀዘቅዝ ነጠላዋን ትከናነብና እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ በሩን በርግዳ፣ አባቴን በአማርኛ አው ሙሜን በኦሮምኛ ታወርድባቸዋለች። የቤቱ አስቤዛ በሻይ እንዳለቀ፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትታ የጅብ ዘመድ እየቆጠረች እንዳደገች፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደማያፍሩ፣ ሁሉንም ትናገራለች። እኔ በሐፍረት መደቡ ሥር ልገባ እደርሳለሁ። አው ሙሜ ግን ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እስክትጨርስ ይሰሟታል። ከዚያ እጄን ይዛ ዳገቱን ስታወርደኝ እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ስድቡ አይቋረጥም። ተረት የምትባል ነገር ጠላቷ እንደሆነች አምኜ ነው ያደግሁት።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ወደ አዳማ ገባን። እናቴ አምና እዚያው አረፈች። ከቀብሩ በኋላ አባቴ ማረም አቆመ።

ይህን ሌላ ሰው ላይረዳው ይችላል። አባቴ ለሬዲዮ መልስ የሚሰጥ፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ለሙሽራው የሚመልስ ሰው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ምነው ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ዝም ባለ ብዬ ስመኝ ኖሬ፣ ዝም ሲል ልቤን አወለቀው። ምን ብትለው መልሱ «ይሁን» ነው። ምሳ ቀርቧል፤ ይሁን። ምሳ የለም፤ ይሁን። አንድ ቀን ብስጭት ብሎኝ ዓባይ ወደ ሐረር ነው የሚፈሰው አልኩት። ጎጃሜው አባቴ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ አባቴ፣ ግድግዳውን እያየ «ይሁን» አለኝ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙበትም፤ ሱሪው ግን በየሳምንቱ እየሰፋው ሄደ። እናቴን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላ እሱንም ልቀብር እንደሆነ ገባኝ። አው ሙሜ በሕይወት አሉ የሚል ወሬ ከጭሮ ስሰማ ልብሱን በሻንጣ ከትቼ፣ በግድ ማለት ይቻላል፣ መኪና ውስጥ አስገባሁት።

በመንገድ ላይ ሚኤሶ ስንደርስ ሆን ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ «ይኸው አሰቦት ደረስን» አልኩ። ያረመኝ ሾፌሩ ነው።

ሻይ ቤቱን ሳየው ደግሞ ጭራሽ ተቃጠልኩ። ካፌና ጁስ ቤት ሆኗል። መደቡ ፈርሶ ሴራሚክ ተነጥፎበታል፤ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ በመስታወት ተሸፍኗል፤ ፋኖሱ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ላይ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ይጮኻል፤ እሱ ሲያርፍ የጁስ መፍጫው ይቀበለዋል። ከሰል የለም፣ ሆጃ የለም። ፈጢራ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ፒዛ ይሻላል ተባልኩ። የዛሬው ባለቤት የድሮው ባለቤት ልጅ ነው፤ ትሁት ሰው ነው፣ ቤቱ አማረ ወይ ብሎ በጉጉት ሲጠይቀኝ «አምሯል» አልኩት። በልቤ ግን መስታወቱን አንድ በአንድ እያወረድኩ ነበር።

አው ሙሜ በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። አባቴን በድምፁ ሳይሆን ትከሻውን ዳብሰው ነው የለዩት፤ ምክንያቱም ድምፅ አላወጣም። የእናቴን ማረፍ እኔ ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆዩና፣ አባቴን «አላህ ያጽናህ» አሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በቃ። ያን ሁሉ መንገድ ራስ ለመነቅነቅ መጣን ማለት ነው። ተረት ይንገሩን ብዬ ለመንኳቸው።

ተደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ባለቤቱ በልመናዬ አዝኖ ይሁን አስተያየቴን ፈርቶ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘው፤ ኳስ የተቋረጠባቸው ወጣቶችም እያጉረመረሙ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። አው ሙሜ የጅብን ሰርግ ጀመሩ። ጅቡ ከሂርና ተነሣና ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ወደ ሐረር መንገድ ጀመረ። እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ብርጭቆውን ያያል። ከኋላ ግን አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ካርታው ላይ ሐረር በምሥራቅ መሆኑን አሳየን። ተረት ያቋረጠ ሻይ እንደሚጋብዝ ስነግረው ካፌው ያወጣው ማስታወቂያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ፣ ታገስኩ። ሰርገኞቹ ገለምሶ ላይ ከባቡር ወረዱ። ሌላው ተነሥቶ ገለምሶ ባቡር አይቶ እንደማያውቅ፣ ባቡሩ በሚኤሶ በኩል እንደሆነ አስረዳ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጋበዘም። ጨዋታውን አያውቁትም፣ ምን ላድርጋቸው? አባቴ ጣቱን በብርጭቆው አፍ ላይ ያዞራል። ሻንጣዬን አንሥቼ ልውጣ፣ ሁሉም ይቅር የምልበት ደረጃ ላይ ደርሼ ነበር።

አው ሙሜ ደከም ባለው ዓይናቸው አባቴ ወዳለበት ዞረው፣ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«ሙሽሪት የሂርና ልጅ ነበረች። ልክ እንደ መምህር ሚስት፣ እንደ አስካለ። ዝምተኛ። ድምፅዋን ሰው ሰምቶት አያውቅም።»

ተንኮል ይሁን እርጅና መለየት አቃተኝ፤ የሞተ ሰው በተረት ይቀለድበታል ወይ ልላቸው ከወንበሬ ተነሣሁ። አባቴ ግን እጄን ያዘና ቁጭ አደረገኝ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሙሜ» አለ። «አስካለ ዝምተኛ አልነበረችም።»

ድምፁ ሻክሮ ነበር የወጣው። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። «ለቅሶው ላይ የመጣው ሰው ሁሉ ዝምተኛ ነበረች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ጭምት ነበረች ሲል ዋለ። ለቀስተኛ አይታረምም ብዬ ዝም አልኩ። ስህተት ነው። አስካለ ትጮህ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። እንባው እየወረደ አረማቸው። አስካለ በሰርጓ ቀን እንኳ ከሚዜዎቹ ጋር እንደተጣላች ነገራቸው። የቀበሌውን ሊቀመንበር በሁለት ቋንቋ ሰድባ ለሰፈሩ ውኃ እንዳስገባች፣ ምጥ ላይ ሆና አዋላጇን እንዳዘዘች፣ ስትታመም እንኳ ሐኪሙን እንደገሠጸች ነገራቸው። ወጣቶቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንዳቸውም አላቋረጡትም። አው ሙሜ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስኪጨርስ ጠበቁት።

እኔም እያለቀስኩ፣ ያን ጭምት ዝናዋን ለማፍረስ የበኩሌን ለማዋጣት ብዬ፣ እናቴ በዚህ በር በኩል ስትመጣ ቤቱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ተረትን ምን ያህል ትጠላ እንደነበር ተናገርኩ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሲያርም ጣቱን የማንሣት ልማዱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

«ተሳስተሻል» አለኝ።

እናትሽ ተረት አትጠላም ነበር አለኝ። ገና መግሪብ ሳያልፍ እራቱን አብስላ ትመጣና፣ ሴት ልጅ ሻይ ቤት ገብታ ከወንዶች ጋር ተቀመጠች እንዳይባል፣ ከውጭ በቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ብቻ ነው በሩን የምትከፍተው። አው ሙሜም ያውቁ ኖሯል፤ ያን ያህል የሚጮኹት ለእኛ አልነበረም።

ለምን እስካሁን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት፤ አዎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ እሷ አድርጌ ጮህኩበት። ተረት ትጠላለች ስትዪ ዛሬ ገና ሰማሁሽ አለኝ፣ ቢጫ ጥርሱን እያሳየ።

ከአው ሙሜ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የጅቡን ሰርግ መጨረሻ እንኳ ዛሬ ንገሪ ብባል አልችልም። አንድ ነገር ግን አሁን ሳስበው እውነት ነው፤ ያኔ አንድም ተረት ሳያልቅ ከዚያ ቤት ተጎትቼ ወጥቼ አላውቅም። ዕድሌ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እናቴ በጭሮ ብርድ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ውጭ ቆማ፣ ለመቆጣት ተረቱ እስኪያልቅ ትጠብቅ ነበር።