አሥራ አራት ቡሎን ለአሥራ ሁለት ማኅበርተኛ

እኔ መካኒክ ነኝ። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሆዴ ግን ወዲያው "የቱ መካኒክ? ያ በሽማግሎች ፊት ምላሱ የተሳሰረው?" ይለኛል። ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ነው፤ ዘጠና ስድስት ይሁን ዘጠና ሰባት ዘንግቼዋለሁ፣ መስከረም መሆኑን ግን አልረሳም።

ያኔ የእናቴ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደው ነበር። ሰውን የምታውቀው በድምፁና በእርምጃው ነው። የዓይን ሐኪሞች ወልድያ መጥተው እስከ ዓርብ ብቻ ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ ሰማን። እሷ ለራሷ እምብዛም አልጓጓችም፤ "ቤቴን እንደሆነ በዳበሳ አውቀዋለሁ" ባይ ናት። ታናሽ እህቴ ግን ቪዛዋ ደርሶ በጥቅምት መጨረሻ አረብ አገር ልትሄድ ነበር። እናቴ አጥርታ ያየቻት ገና በልጅነቷ ነው። "ትልቅ ሴት የሆነችውን ልጄን ሳላያት እንዴት እሸኛታለሁ? አንድ ቀን ፊቷን ልየውና ከዚያ የፈለገችበት ትሂድ" አለችኝ። ስለዚህ የእኔ ሥራ አንድ ነበር፤ እናቴን እስከ ዓርብ ወልድያ ማድረስ።

ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት አውቶቡሱ ቆሟል። የሚያልፍ ከተገኘ ከፍ ያለ የጭነት መኪና ነው። ወደዚያ ሊሄድ የተሰናዳው የጭነት መኪና ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሞተሩ ተበትኖ እኔው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ባለቤቶቹ በየወሩ አንድ ላይ ጽዋ የሚጠጡ አሥራ ሁለት ማኅበርተኞች ናቸው። ከመኪናው በፊት የጋራ ወፍጮ ነበራቸው። ወፍጮው ሲሰበር "የፈታኸው አንተ፣ ያጠበቅኸው አንተ" ተባብለው ሁለት ዓመት ተኳረፉ። ሲታረቁ ታዲያ አንድ ሕግ አወጡ፤ ከእንግዲህ የማኅበሩ ንብረት ሲጠገን የሁሉም እጅ ይግባበት ተባለ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እያሉ ይተርቱልኛል። ስለ ሎሚ ከሆነ እውነታቸውን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን ጋርኒሲዮን አንጥፌ ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ክዳን፣ ጫንኩበት። ጋርኒሲዮን የሚባለው በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ስስ ነገር ነው፤ እሳቱ፣ ውሃውና ዘይቱ እንዳይገናኙ ለያይቶ የሚያኖር እሱ ነው። ክዳኑ ከሁሉም በኩል እኩል ካልተጫነው ይቃጠላል። የቀረኝ አሥራ አራቱን ቡሎኖች ማጥበቅ ነበር። ይኼኔ አሥራ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ከተፍ አሉ።

"በሉ እንግዲህ በየተራችን" አሉ መምሬ። በዕድሜም በመዓርግም የማኅበሩ ታላቅ እሳቸው ናቸው።

"መምሬ፣ ይሄ እኮ የራሱ ሥርዓት አለው" አልኳቸው። "ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር እየተሻገሩ ነው የሚጠብቀው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ በሦስተኛው ዙር እስከ ልኩ። ከዳር ከጀመሩት ክዳኑ ይንጋደዳል።"

"ከመሃል?" አሉ መምሬ፣ ሌሎቹን ዞር ብለው እያዩ። "ልጄ፣ ከመሃል የሚጀመር ምን ነገር አይተሃል? ስንቀመጥም ጽዋ ስናነሳም ከላይ ነው። ታላቅ እያለ መሃል ያለው ሊቀድም ነው?"

አሁን ሳስበው "መምሬ፣ በሞተር ቤት የክብሩ ወንበር መሃል ነው" ብዬ ብዋሽ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህች ውሸት የመጣችልኝ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። አይ እኔ!

ቶርክ የምንለው ቁልፍ ነበረኝ፤ ልኩ ሲሞላ ቀጭ ብሎ ይናገራል። እሱን ሰጠኋቸው። መምሬ የመጀመሪያውን፣ የዳሩን ቡሎን ያዙ። ቁልፉ ገና ሳይናገር "በቃ፣ የቀረውን እግዚአብሔር ይጨምርበት" ብለው ለቀቁት። ተከታዩ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ ክንዳቸው የእኔን ጭን ያህላል። ቁልፉ ቀጭ አለ።

"ሰበርኩት እንዴ?"

"ኧረ የለም፣ ይበቃል እያለዎት ነው።"

"እኔን በቃ የሚል ብረት!" አሉና ቶርኩን ወዲያ አኑረው ተራ ቁልፍ አነሱ። ጫፉ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክተው ቡሎኑ እስኪያቃስት ጠመዘዙት። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ቶርኩን የነካ የለም፤ ግማሹ እንደ እልኸኛ፣ ግማሹ እንደ ጾመኛ እያጠበቀ ተራውን ጨረሰ። ሁለት ቡሎን ተረፈ። ነገር ሲከብዳቸው ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጥኛ ይገባሉና በኽምጥኛ ተመካከሩበት። አንዱ ለማኅበሩ ጻድቅ ተሰጠ፤ በጻድቁ ስም መምሬ አጠበቁት፣ ማለት ነካ አደረጉት። ሌላውን "አንተም ደክመሃል፣ ይቺ ትሁንህ" ብለው ለእኔ ተዉልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። እስቲ ይታያችሁ፣ አመስግኜ! በመጨረሻም መምሬ ጸበል ረጭተውበት "እንግዲህ ማንም እንዳይነካው" ብለው ማኅበርተኞቹን ይዘው ሄዱ።

ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ማጥበቅ ብዙ ሥራ አይደለም። ግቢው የኔ፣ ቁልፉ የኔ። ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት።

"እማ፣ በልኩ አላጠበቁትም። ልፍታው?"

"አባቶችህ እጃቸውን ያሳረፉበትን? ጸበል የተረጨበትን? ኧረ ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል!"

እውነቱን ልናገር፤ የጠየቅኋት እንዲህ እንድትለኝ ነው። እሷ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሽማግሎቹን መፍራቴን በእናቴ አሳብቤ ተኛሁ።

ረቡዕ በጠዋት ተነሳን፤ መምሬና ድንጋይ ጠራቢው የማኅበሩን ጭነት ሊያደርሱ አብረውን ነበሩ። እናቴና መምሬ ከሹፌሩ ጋር ጋቢና፣ እኔና ድንጋይ ጠራቢው ከላይ ከጭነቱ ጋር ሆነን በኮረም መንገድ ወጣን። የመጀመሪያውን ዳገት በሰላም ስንጨርስ ጠራቢው "አየህ የእጃችንን በረከት!" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሁለተኛው ዳገት ወገብ ላይ መኪናው ነጭ ጭስ ተፋ፣ ውሃው ፈላ፣ ቆምን።

ክዳኑን ስከፍተው ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ተበልቷል። የመምሬን ቡሎን የፈታሁት በጣቴ አሽከርክሬ ነው። የጠራቢው ደግሞ ከመጠን በላይ ከመጠምዘዙ የተነሳ ጥርሱ አልቋል። ሁለቱ ሽማግሎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን መረመሩና "የመኪናዋ ዕድሜ ነው" ብለው ፈረዱ። አሥራ አራቱም ቡሎኖች በነጻ ተለቀቁ። በኋላ መምሬ ብቻቸውን ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ የኔዋ ናት?" አሉኝ። "ኧረ መምሬ፣ የእርስዎስ እንደ አለት ነበረች" አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። ምን ላድርግ፣ ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ።

ሹፌሩ በዚያ ባለፈ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ ዕቃ ፍለጋ ሄደ። እኛን በመንገዱ ዳር ካለ መንደር አንድ ቤት አሳደሩን። ሐሙስ ጠዋት እናቴ "ዛሬ ማን ነው ቀኑ?" አለችኝ። "ሐሙስ ነው" አልኳት። "ገና አንድ ቀን አለን" አለች። ዓርብ ጠዋት ግን አልጠየቀችኝም።

ዕቃው የመጣው ቅዳሜ ነው። ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ጥላ ይዘው ነበር፤ ተራ የጠየቀኝ የለም። ብቻዬን ከመሃል ጀምሬ፣ ወደ ዳር እየተሻገርኩ፣ ሦስት ዙር፣ ቁልፉ ቀጭ እስኪል አጠበቅሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እሁድ ወልድያ ገባን። የሆስፒታሉ ዘበኛ "ዓርብ ማታ ሸክፈው ሄዱ፤ ለዓመቱ ይመጣሉ" አለን።

"ዓመትማ ምን አላት፣ ትደርሳለች" አለች እናቴ። እህቴ ግን የምትሄደው በጥቅምት ነው። ስንመለስ ጋቢና አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደማታየኝ ስለማውቅ ድምፄን ብቻ ዋጥኩ።

በጥቅምት መጨረሻ እህቴን ወልድያ ያደረሳት ያው መኪና ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን ቀስ እያለች ዳበሰች።

"ማንን ትመስላለች?" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

"አንቺን።"

"የድሮዋን እኔን ነው ያሁኗን?"

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከማኅበርተኞቹ አንዱ "እጅህን ይባርከው! ድምፁን ሰማኸው? ሐር ነው እኮ!" አሉኝ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ መኪናውን በድምፁ ትከተለዋለች፣ እኔ ክንዷን ይዤያለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያን ቀን ብቻ "አምላኬ፣ ያጠበቅሁትን አንተ አላላው፣ ልጇ አንዲት ቀን እንኳ ትቆይላት" ብዬ ጸለይኩ። ሞተሩ አንዴም ሳያንገራግር ዳገቱን ወጣ።