አይነቃነቅም ያልኩት ምሰሶ

አባቴ ሲኒማ ራስ ጀርባ በያጅ ነበር። እኔ ደግሞ የመንግሥት ዲዛይን ቢሮ የተቀጠርኩ መሐንዲስ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ቢሮአችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ጫማ አውልቀን በምንገባበት ክፍል እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የእኔ ተራ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። አባቴ ይህችን ሐሙስ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷታል። "የኔ ልጅ ከማሽን ጋር ነው የምትማከረው" ይላል። አላረምኩትም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀበሌው ለኅብረት ሱቁ የእህል መጋዘን እንዲሠራ ሲያዘው "ምሰሶዎቹን አንቺ አስልተሽ ስጪኝ" አለኝ። ስምንት የብረት ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ጣጣው ያለው እግራቸው ላይ ነው። ምሰሶው ከታች ላሜራ ላይ ይበየዳል፤ ላሜራው በብሎን ከኮንክሪቱ ጋር ይታሰራል። ነፋስ በጎን ሲገፋው ያ እግር ምን ያህል ይዞራል? የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚቀበለው ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ወይ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ወይ ጨርሶ አይነቃነቅም። አይነቃነቅም ብዬ ሞላሁ። ያኔ መርካቶ የሚገኘው ስስ ላሜራ ብቻ ነበር፤ በዚህ መልስ ደግሞ ስሱም በቃ።

አባቴ የራሱ ፈተና ነበረው። የመጀመሪያውን ምሰሶ እንዳቆመ ጫፉን በገመድ ያስጎትትና፣ ተንበርክኮ በላሜራው ሥር የመጋዝ ምላጭ ሊያስገባ ይሞክራል። ከገባ እግሩ ተነሥቷል ማለት ነው። ያን ቀን ምላጩ ገባ።

"ይኼ ይተነፍሳል፣ ልጄ። ወፍራም ላሜራ እስክናገኝ ብንቆይስ?"

"አባባ፣ ኮምፒውተሩ አይነቃነቅም ብሏል።"

ኮምፒውተሩ ያለው እኔ የነገርኩትን ነው። ይህን እያወቅሁ ተናገርኩ። አባቴ "እንግዲህ የተማረ ያውቃል" ብሎ ተነሣ፤ ዕድሜ ልኩን ያመነውን እጁን ለእኔ ወረቀት ሲል ተወው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት ነፋስ ተነሣና መጋዘኑ በጎኑ ተኛ። ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ስለነበር ነፍስ አልጠፋም፤ እህሉን ግን ዝናብ በላው። አሻጥር ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር "ስሌቱን ማን ሠራው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አባቴ አጠገብ ቆሜአለሁ።

"በግምት ነው የሠራሁት፣ ጓድ። ማንንም አላማከርኩም" አለ አባቴ።

ዞሮም አላየኝ። አፌን ልከፍት ብዬ ዘጋሁት። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ስድስት ወር ቀበሌ ታሰረ። ምሳ ሳመላልስ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፤ ስለ መጋዘኑ አንነጋገርም። ሲፈታ ሳል ይዞ ወጣ፤ ወደ ብየዳውም አልተመለሰ።

እኔ ሐሙሶቼን ሁሉ በዚያ እግር ላይ ጨረስኩ። ከሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን፣ እንደ መኪና ሞላ ሲገፉት ትንሽ እሺ የሚል እግር እንዲቀበል ፕሮግራሙን ቀየርኩት። ውጤቱ አባቴ ያለው ሆነ፤ ላሜራው ይታጠፋል፣ ብሎኑ ይሳባል፣ ምሰሶው ያጋድላል። አልጋው ድረስ ሄጄ አነበብኩለት።

"ልክ ነበርክ፣ አባባ። ቀበሌ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው እዚሁ ቅደጂው።"

እንዲህ እንዲለኝ ስጠብቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ሳልከራከር ቀደድኩት።

ወር ሳይሞላው ቀበርነው። ለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤታችን ከንፈሩን መጠጠና "እንዲህ ያለች ልጅ አስተምሮ፣ ምነው ያን ጊዜ ባማከራት" አለ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።