ቀዩ ፈሳሽ አይተኛም

የፋብሪካው ሰዎች «እትዬ እምቢ» ይሏታል። ስሙን በቀልድ ነበር ያወጡላት፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ተማሪ ሳለች አባቷ «ኬሚስትሪ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ቢሏት፣ «ለወንድስ ምን አደረገለት?» ብላቸው ገብታ ተማረችው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ቫናዲየም ከሚባለው ብረትና ሃሎጅን ከሚባሉት ከእነክሎሪን ጋር ሆነ። ለአዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ እንደ ጎረቤት ታማቸዋለች። «ፍሎሪን ቫናዲየም ቤት አምስት ሆኖ ገብቶ ተደላድሎ ይቀመጣል። ክሎሪን አራት ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ግን ሁልጊዜ በር በሩን ያያል። ብሮሚንና አዮዲንማ ሦስት ከሆኑ ይበቃቸዋል።»

ጣጣው ያ በር በሩን የሚያየው ነው። ቀዩ ፈሳሽ፣ ቫናዲየም ቴትራክሎራይድ፣ ማንም ሳይነካው ክሎሪኑን እየለቀቀ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዱቄት ይሆናል። የወጣው ጋዝ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መሄጃ ሲያጣ ክዳኑን ይገፋል። የመጋዘን ሰዎች ግን የቆየን ዕቃ ሁሉ «ተኝቷል» ነው የሚሉት። ይህን ሲሉ ደሟ ይፈላል። «ሲሚንቶ ይተኛል፤ ይሄ አይተኛም!»

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጋዘን ጥግ ተረስተው የከረሙትን የቀዩን ፈሳሽ ጠርሙሶች ለደንበኛ ጫኑ ብሎ አዘዘ። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ የእህቷ ልጅ ነው። አንዱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሳችው። ሥሩ ላይ ወይን ጠጅ ዱቄት ተጋግሯል፣ ክዳኑ አብጧል።

«እምቢ» አለች።

«ክሎሪን እንደሚለቅ ጠፍቶኝ አይደለም፤» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እሱም ኬሚስት ነውና። «ግን ቀስ ብሎ ነው። ዛሬ ካልደረሰው ደንበኛው ውሉን ያፈርሳል።»

«ቀስ እያለ ስንት ጊዜ ከረመ! በዚህ ፀሐይ፣ በዚያ መንገድ? በሉ እንግዲያው ከሹፌሩ ጎን ገብተው ታቅፈውት ይሂዱ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወይ ያስጭናሉ፣ ወይ ሥራዎን ይለቃሉ። ሌላ ሰው ያስጭነዋል።»

ያንገበገባት ሌላ ሰው የሚለው ነው። እሷ ብትወጣም ጠርሙሶቹ መውጣታቸው ነው፤ ልጁም አብሯቸው። ጡረታዋ ደርሷል፣ ፈርታለችም። ቢሆንም ጭምብሏን አጠለቀች፣ ጓንቷን አደረገች፣ ጠርሙሶቹን ላቦራቶሪው ውስጥ ካለው ጋዝ መምጠጫ ሥር ደርድራ እሽጋቸውን አንድ በአንድ በጠሰችው። ጋዙ እያፏጨ ወጣ። እሽጉ የተበጠሰ ዕቃ ማንም ደንበኛ አይቀበልም።

«ምን እያደረጉ ነው?!» ጮኸ ሥራ አስኪያጁ።

«ሥራዬን እየለቀቅኩ።»

ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ጋውኗን አውልቃ ሰቀለችና አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። የእህቷ ልጅ መሪውን ይዞ ሲጠብቅ አገኘችው።

«አክስቴ፣ ጠርሙሶቹስ? እኔ ምን ልጫን?»

«እኔን ጫን!» አለችው የጋቢናውን በር ከፍታ። «እኔ እንኳ መንገድ ላይ አልፈነዳብህም።»