ስሟ የታጣ ምራት

አባ ጌቮንድ የአርመንን ሕዝብ ታሪክ ሲጽፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። በቫን ሐይቅ ዳር ባለው ገዳማችን፣ የክረምቱ ብርድ ቀለሙን እያረጋው፣ እጃቸው እየደነዘዘ፣ ዓይናቸው እየፈዘዘ ጻፉ። ነገሥታቱን ከነቅድመ አያቶቻቸው፣ ከተማ ያቃጠለውንም፣ የወንድሙን ዓይን ያጠፋውንም፣ አንድ ሳያስቀሩ በስማቸው መዘገቡ። ለነገሩ የክፉ ሰው ስም መች ይጠፋል።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነበር። እኛ ዘንድ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በመጨረሻው ገጽ የአባቱንና የእናቱን ስም አስፍሮ፣ አንባቢው ነፍስ ይማር እንዲልላቸው ይለምናል። ይህ ሳይሆን መጽሐፉ አለቀ አይባልም። አበምኔቱ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ቲፍሊስ ከተማ ወዳለው ማተሚያ ቤት እንዲላክ ቆርጠዋል። አባ ጌቮንድ ብዕራቸውን ነክረው «አባቴ ቶሮስን፣ እናቴ» ብለው ጻፉና እጃቸው ቀጥ አለ። የእናታቸውን ስም አያውቁትም።

አትፍረዱባቸው። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እማዬ ነው የሚሏት። ቤተሰቡ ደግሞ ምራት ይላታል። በአገራችን ያገባች ሴት አፏን በሻሽ ሸፍና፣ አማቶቿ ፊት ትንፍሽ ሳትል ዓመታት ትገፋለች፤ ስሟም ከአባቷ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ይህን ጨዋነት ነው የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

በጾሙ አጋማሽ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ አባ ጌቮንድ በአህያ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወረዱ። የክርስትናውን መዝገብ አይጥ በልቶታል። መቃብሯ ላይ የቶሮስ ሚስት ይላል፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ዘመን በሕይወት የቀሩት የአጎታቸው ሚስት ብቻ ናቸው፤ ከእናታቸው ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት የኖሩ። አሮጊቷ የምስር ሾርባ አቅርበውላቸው፣ ይኼን ሁሉ ተምረህ የእናትህን ስም ከእኔ ከመሃይሟ ልትጠይቅ መጣህ እንዴ እያሉ ቀለዱባቸው። አባ ጌቮንድ ግን አልሳቁም።

«አክስቴ፣ ሳይነግሩኝ ይሞቱብኛል ብዬ ነው የመጣሁት። እባክዎ ያስታውሱ።»

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። «እሷ ትልቋ ምራት፣ እኔ ትንሿ ምራት፤ ስማችን ይኸው ነበር። መናገር ስለማይፈቀድልን በእጅ ነው የምናወራው። ስፈልጋት እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው ሁለት ጣታቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበራት።»

«ስትቀበርስ? ቄሱ ስሟን አልጠሩም?»

«ጠርተዋል እንጂ። እኔ ግን እየጮህኩ አለቅስ ነበር፤ አልሰማሁትም።» አሮጊቷ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ ያን ቀን ዝም ማለት አቃተኝ፣ ልጄ።»

  አባ ጌቮንድ እጃቸውን ስመው ተሰናበቱ። መንገዱን ሙሉ፣ አዛውንት መነኩሴ አህያ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ገዳም ሲደርሱ አበምኔቱ አዘኑላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ማርያም ብለህ ጻፈው፣ ማን ያውቅብሃል፣ እግዜርም አይቀየምም አሏቸው።

«አባቴ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ስም ከራሴ አልፈጠርኩም» አሉ አባ ጌቮንድ። «በእናቴ ልጀምር?»

እናቴ ከሚለው ቃል ቀጥሎ የአንድ ስም ያህል ባዶ ቦታ ተውላትና አስቡልኝ ብለው ጨረሱ። ገጹን አድርቀው፣ ከሌላው ሁሉ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው ላኩት።

ታትሞ የመጣው በዓመቱ ነው። መነኮሳቱ ተሰብስበው ሳጥኑን ከፈቱ። አባ ጌቮንድ መጀመሪያ የገለጡት የመጨረሻውን ገጽ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ባዶውን ቦታ ስህተት መስሎት ዘግቶታል፤ እናቴ የሚለው ቃልም ብቻውን ትርጉም አልሰጠው ኖሮ አብሮ ወጥቷል። አባቴ ቶሮስን አስቡልኝ ይላል። በቃ።

መጽሐፉን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው ዋለ።