ፊውዥን በባለ ሳጥኑ በኩል

በደርግ ጊዜ በሰፈራችን ስለ ፊውዥን ማንበብ የሚፈልግ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን የምለው በኩራት ሳይሆን በብስጭት ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ቀላል አቶሞች ተዋህደው ጉልበት ስለሚሰጡበት፣ ፀሐይም ስለምትነድበት ነገር የመመረቂያ ጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘሁት ግን ሁለት መጽሐፍ ነው። አንዱ እኔ ሳልወለድ የታተመ፣ ሌላው ደግሞ ዋናው ምዕራፍ ተገንጥሎ የተወሰደበት። የገነጠለውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

መላ ያመጡልኝ አስተማሪዬ ናቸው። ተመራማሪዎች ጽሑፋቸው ሲታተም ትርፍ ቅጂ ይሰጣቸዋል፤ በፖስት ካርድ ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ይልካሉ። «ጠይቂያቸው፤ ቢበዛ ዝም ቢሉሽ ነው» አሉኝ። ለመጠየቅ ግን አድራሻ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ፖስተኛ በር አያንኳኳም። ከዊንጌት ጀርባ ባለው መንደራችን ፖስታ ሳጥን የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ እየገዙ ወደ ክፍለ ሀገር ይልኩ በነበረበት ዘመን የተከራዩት ነው። ንግዱን ከተዉ ቆይተዋል፤ ሳጥኑን ግን አልተዉም። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው ይዞራሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ «ባለ ሳጥኑ» ይላቸዋል።

የባለ ሳጥኑን ቁጥር መጠቀም ለማንም የተፈቀደ ነው። ገንዘብ አይጠይቁም። ድርሻቸው ወሬው ነው፤ በእሳቸው ቁጥር ደብዳቤ የመጣለት ሰው ፊታቸው ተቀምጦ፣ ቀድዶ ያነብላቸዋል። የጅዳው፣ የአሥመራው፣ የአሰቡ ወሬ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይጠራቀማል። አላነብም ያለ ሰው ቀጣዩ ደብዳቤ ትንሽ ይዘገይበታል።

የእኔ የመጀመሪያ ፖስታ ከአሜሪካ መጣ፤ ወፍራም ነበር። «አንቺስ ዘመድ ሞልቶሻል» ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ከፍቼ ሳየው ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛና ቀመር ነው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ጥናት ነው፤ ወሬ የለውም» አልኳቸው።

«ወሬ ከሌለው ምን ብለው ይልኩልሻል? አንብቢ።»

በቃ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ያዝኩ። ከፀሐይ እምብርት የባሰ የሚግል ጋዝ አለ። የተያዘበትን ዕቃ ግድግዳ ከነካ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ምንም ሳይነካ በማግኔት ጉልበት አንጠልጥለው ሊይዙት ይታገላሉ።

«ያዙት?»

«ለቅጽበት ያህል። ከዚያ ያመልጣቸዋል።»

«አመለጠን ብለው ለመንገር ነው ይኼን ሁሉ የጻፉት?» ብለው ተቆጡ። እኔም በሆዴ በእሳቸው ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ጊዜዬን በሉብኝ ብዬ።

ግን ፖስታው አላቋረጠም። ከሞስኮ መጣ፣ ከእንግሊዝ መጣ፣ አሁንም ከአሜሪካ መጣ። ባለ ሳጥኑ እየለመዱት ሄዱ። ጋዙ አመለጠ ስላቸው «ውይ!» እያሉ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔንም ጠቀመኝ። ገብቶኛል ብዬ የነበረው ግማሹ እንዳልገባኝ ያወቅሁት እዚያ በርጩማ ላይ፣ ለእሳቸው ማስረዳት ሲያቅተኝ ነው።

ጽሑፌን ላስረክብ ስደርስ አንድ ጥናት ብቻ ጎደለኝ፤ የማግኔቱን ሙሉ ስሌት የያዘው። ያለ እሱ የመጨረሻው ምዕራፌ ባዶ ነው፣ ምረቃም የለም። ባለ ሳጥኑ ይህንኑ ጥናት የያዘውን ፖስታ ከዋናው ፖስታ ቤት ይዘው ሲመለሱ ጥበቃው ቀበሌው በር ላይ አስቆማቸው። ጥጉ ላይ በእንግሊዝኛ «ኑክሌር» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የኢምፔሪያሊስቶችን የኑክሌር መሣሪያ ለማውገዝ ሰልፍ ወጥተን ነበር፤ መፈክር ከተሸከሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ፖስታው ተወሰደ፤ በማግስቱ ሁለታችንም ተጠራን። ያኔ ቀበሌ መጠራት ቀላል ነገር አልነበረም። ፈራሁ።

ሊቀመንበሩ ፖስታውን እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ባለ ሳጥኑ ቀደሙኝ።

«ቦምብ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እሳት በማግኔት ለማሰር የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። ያስሩታል፣ ያመልጣቸዋል፤ እንደገና ያስሩታል። የሞስኮዎቹ እንደ ቀለበት የዞረ ዕቃ ሠሩለት። አሜሪካኖቹም አይተው ያንኑ ቀዱ።»

የሊቀመንበሩ ፊት ትንሽ ፈታ አለ። «ቀዳን ብለው ያምናሉ?»

«ጽፈውታል። እሷ አንብባልኛለች።»

«እሺ፤ ለእርስዎስ ምንዎ ናቸው? በእርስዎ ቁጥር የሚጽፉት ምን አገናኝቷችሁ ነው?»

ባለ ሳጥኑ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዙ። «ልጄ ለትምህርት ወደ ውጭ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን አልጻፈልኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ሳጥኑን ያልመለስኩት በእሱ ምክንያት ነው። በየሳምንቱ ሄጄ እከፍተዋለሁ። እሱ ዝም ሲለኝ እነዚህ ሰዎች ጻፉ።»

ጎረቤት ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ይጽፍላቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። ሰውን ሁሉ ቁጭ አድርገው የሚያስነብቡት ወሬ ስለሚወዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ፖስታውን አገላብጦ አየውና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው።

ከግቢው ስንወጣ በደስታ መሬት አልረግጥ አልኩ። ባለ ሳጥኑ ፖስታውን ሰጡኝና እንዳነብላቸው እዚያው መንገድ ላይ ቆሙ። ቀደድኩት። ያው ቀመር፣ ያው ሥዕል ነው፤ ስለ ሰው የሚያወራ አንድ መስመር የለበትም። ያዙት ወይስ አመለጣቸው ብለው እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ።

«ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው፣ አባባ» አልኳቸው። «እርስዎንም ሰላም ብለዋል።»