የሲስተር ሽንት ቤት

ለሌላው ሰው መንገድ ይሰየምለታል፣ ትምህርት ቤት ይሰየምለታል። ለእኔ የተሰየመልኝ ሽንት ቤት ነው። ይባስ ብሎ ኮርቼበት ነበር።

የአርባ ምንጭዋ ሲቀላ ሰፈር ሰው ጤና ላይ የምትሠራን ሴት ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። እኔም ከጎጃም መጥቼ እዚሁ አርባ ምንጭ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ከቀበሌዎቹ በአንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ሲስተር ሆንኩ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ማየት፣ ያየሁትንም ቅጽ ላይ መሙላት ነው። ንጹሕ ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ። ቁጡ ነኝ፤ ኤክስ ሳደርግ ወረቀቱን የምቀድ ይመስለኝ ነበር።

ያ ሽንት ቤት ያለው ገደል አፋፍ ላይ ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ ግቢ፣ ከሽፈራው ዛፍ ሥር ነው። አባወራው ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ ነው። ሚስቱ ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ መናኸሪያ በር ላይ እየጠበሰች ትሸጣለች። የባልየው አሮጊት እናትና የአራት ዓመት ሴት ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ልጅቷ በሄድኩ ቁጥር ቅጽ የማስርበትን ሰሌዳ ካልያዝኩ ብላ ድርቅ ትላለች። እሰጣታለሁ፤ ገልብጣ ይዛው ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች።

ሽንት ቤት እንዲሠሩ ወራት ጨቀጨቅኳቸው። በመጨረሻ ሸማኔው ራሱ ቆፈረ፣ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰነ፣ የቆርቆሮ በር ገጠመ። ያለቀ ዕለት ጎረቤቱን ሰበሰብኩና በሩ ላይ ቆሜ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «በመጣሁ ቁጥር እንደዛሬው ሆኖ ነው ማግኘት የምፈልገው። ጠብታ ቆሻሻ እንዳላይበት» አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

እንዳልኩትም ሆነ። ረቡዕ ረቡዕ ስሄድ ወለሉ እንደ ሳህን የጸዳ ነው። ሽታ የለም፣ ዝንብ የለም። በክር የተንጠለጠለው ሳሙና ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ሳይጠፋ ይጠብቀኛል። ሳሙና ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩ ብርቱ ሰዎች ናቸው ብዬ በየስብሰባው አወራሁላቸው። የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት አሰጠኋቸው፤ በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቀሉት። ከሌላ ወረዳ እንግዳ ሲመጣ የምወስደው እዚያ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «የሲስተር ሽንት ቤት» ይለዋል። የባጃጅ ሹፌሮች እንኳ «ከሲስተር ሽንት ቤት ዝቅ ብሎ» ሲሉ እየሰማሁ ደረቴን እነፋ ነበር።

አንድ በልግ ዝናቡ በረታና አተት ገባ። ማስታወክና ተቅማጥ ሰውን በአንድ ቀን አሟጦ የሚጥል በሽታ ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳን ተተከለ፤ እኛም ከቤት ለቤት ሥራ ወደዚያ ተመደብን። አንድ ዓርብ ጠዋት ዓሣ ጠባሿ ልጇን በነጠላ ታቅፋ ገባች። ነጠላው ከልጅቷ ወገብ በታች ረጥቧል።

ልጅቷን አላወቅኳትም። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ከንፈሯ ደርቋል። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ትምህርት ቤት በሥዕል ያየሁት ነገር ነው፤ አሁን ሰሌዳዬን ተሸክማ በምትሄድ ልጅ ላይ አየሁት። ነርሱ ክንዷ ላይ ደም ሥር ፈልጎ አጣ፤ እግሯ ላይ በስንት መከራ አግኝቶ ግሉኮስ ተከለላት። አስተባባሪያችን አጠገባችን መጥቶ ከየትኛው ቤት እንደሆነች ጠየቀኝ።

ያልኩትን ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። «ከእነሱ ቤት ሊሆን አይችልም። ሞዴል ናቸው» አልኩት።

ሰውዬው ብዙ አይናገርም። «እስኪ አሳዪኝ» ብሎ ባጃጅ ጠራ። እኔም ላሳፍረው ቸኩዬ ገባሁ።

አሮጊቷ ሽፈራው ሥር ተቀምጠዋል። የቆርቆሮው በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ጓጉንቸር አይቼ አላውቅም። አሮጊቷ እኔን ሲያዩ ደንግጠው ብድግ አሉና አንገታቸው ላይ በክር ያሰሩትን ቁልፍ ያወጡ ጀመር።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ፣ ዓርብ ነው። ለምን ተቆለፈ?»

«ሰው እንዳይገባ ነዋ።»

«ሰው ካልገባበት ለማን ነው ታዲያ?»

አሮጊቷ አፍ የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ እኔን ሁልጊዜ አንተ ነው የሚሉኝ። ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀ ሕፃን አዩኝ። «ያንተ ነው እንጂ። የሲስተር ሽንት ቤት አይደለም እንዴ?» አሉ።

ከፈቱልን። ቀዳዳው አፍ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። አስተባባሪው ድሩን በእንጨት ገፎ በስልኩ መብራት ወደ ታች አበራ። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ደረቅ አፈር ነው፣ ሸማኔው ቆፍሮ ሲወጣ እንደተወው። ሳሙናው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ያው አንዱ ሳሙና ነበር። ሽታና ዝንብ የሌለው ሽንት ቤት ሰው ያልገባበት ሽንት ቤት መሆኑን ለማወቅ ጤና መማር አያስፈልግም ነበር። ላይ ላዩን አይቼ ውስጡን ለቄስ ብዬ ትቼዋለሁ።

«እናንተስ የት ነው የምትሄዱት?» አልኩ።

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ገደሉ አመለከቱ። «እኛ እዛ። ሕፃኑ ከቤት ጀርባ።» ከገደሉ ሥር ትንሽ ምንጭ አለች፤ ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ የሚቀዳው ከእሷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ቧንቧ አልነበረም። ዝናቡ ሁሉንም አጥቦ ወዴት እንደወሰደው አስተባባሪውም እኔም እኩል ገባን።

ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ነው መሰለኝ አሮጊቷ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «እንደዛሬው ሆኖ ላግኘው አልክ እኮ ልጄ። ይኸው፣ አንድ ቀን አላበላሸንም።»

ውሸታም ብላቸው፣ ብሰድባቸው በቀለለኝ፤ ግን ቃሌን አንድ ሳያጎድሉ የጠበቁልኝ ሰዎች ናቸው። ንጹሕ አድርጉ አልኩ እንጂ ግቡበት ያልኩበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት። ቅጹም አይጠይቅም።

አስተባባሪው ምንጯን በአጥር ሊያስከልል ሲወርድ እኔ እዚያው መንደር ወዳሉት ሌሎች ሞዴሎቼ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ቤት ገና ሳልጠይቅ ሴትየዋ ቁልፍ ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። ሁለተኛው ቤት ሽንት ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ተከምሯል፤ «ደረቅ ስለሆነ አይበሰብስም» አሉኝ። ወደ ሦስተኛው ለመሄድ አቅም አጣሁ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስንት ቤት ራይት እንዳደረግኩ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

ድንኳኑ ስመለስ ልጅቷ ዓይኗን አልገለጠችም። እናቷ እግሯን ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ስንበረከክ ቀስ ብላ፣ «ሲስተር፣ ገብታበት ይሆን እንዴ የታመመችው?» አለችኝ።

«የት ገብታ?»

«ያንቺ ሽንት ቤት። ስንከፍት እየጠበቀች ሹልክ ትላለች፣ እወዳለሁ ትላለች። ባለፈው ማክሰኞ ላንቺ ሳጸዳ ገብታ ልትቀመጥ ስትል ያዝኳት። ገረፍኳት።»

ከዚያ ቤት ሽንት ቤቱ ምን እንደሆነ የገባት አንድ ሰው ነበረች፤ የተገረፈችው እሷ ናት። ለእናትየው ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ድንኳኑን ዞሬ ከኋላው ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተመልሼ ኦአርኤስ በማንኪያ መስጠት ያዝኩ። እንዳትሞት ብቻ ነበር ፈጣሪን የምለምነው። ያን ሁሉ ራይት አንድ በአንድ መልሰህ ውሰድ፣ እሷን ተውልኝ እያልኩ ነበር።

ተረፈች። በነጋታው ከሰዓት ሸናች፤ ውሃ ወደ ሰውነቷ ተመለሰ ማለት ነው። በሰው ሽንት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ከእናቷ ጋር ቤቷ አደረስኳት። ጓጉንቸሩን ፈትቼ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምንጯ ለምን እንደታጠረች፣ ሽንት ቤቱ ለምን እንደተሠራ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ለአሮጊቷም ለእናትየውም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ልጅቷን ወደ በሩ ወስጄ፣ «ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ነው» አልኳት። እጇን ከእጄ መንጭቃ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች።

«አልገባሁም። እኔ አልገባሁም» አለች።

ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። ሰሌዳዬን አስያዝኳትና ጭቃ በጭቃ በሆነ ጫማዬ ራሴ ገባሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ተጠቀምኩበት። ወጥቼ ጽሑፉ ያልጠፋውን ሳሙና አርጥቤ እጄን ታጠብኩ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተጠጋች፣ አንገቷን አስግጋ የሲሚንቶውን ጭቃ አየች፣ ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፅዋ ጮኸች።

«እማዬ! ሲስተር አበላሸችው!»

አሮጊቷ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እናትየው በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅኩም። ልጅቷ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። የሚመታት እንደሌለ ሲገባት ሰሌዳዬን መሬት ላይ ጥላ ገባች።

ሰሌዳውን አነሳሁና «ንጹሕ» የሚለው ላይ ኤክስ አደረግኩ።