ዘይት ያንጠባጠበችው ጥጃ

ክፍት ቀዳዳ ሳይ እጄ አያርፍም። የድሬ ሰው ይረዳኛል፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋሱ አሸዋውን ሲያነሳ፣ ያልተከደነ ድስት ውስጥ ከወጡ አፈሩ ይበልጣል። እኔ ግን አበዛሁት። የቁልፍ ቀዳዳ እንኳን በጨርቅ እወትፍ ነበር። በተጋባን በወሩ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ቁልፉ አልገባ ብሎት፣ ከመጋላ ገበያ ስመጣ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ከጨርቁ ጋር ሲታገል ደረስኩበት። ይህን አመሌን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ እንዳትፈርዱብኝ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ የወሎ ልጅ ሲሆን፣ ሽሚንደፈር በምንለው በባቡሩ ጋራዥ መካኒክ ነበር። የምንኖረው ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። አባቴ ደግሞ መልካ ጀብዱ የብርቱካንና የፓፓያ አትክልት ቦታ ነበረው። ሐሳቡ እኔን ለነጋዴ መስጠት ነበር። «እጁን ዘይት የማይለቀው ሰው ጎጆ አያቀናም» ይል ነበር። ኒካው ከታሰረ በኋላም ባለቤቴን በቀጥታ አያናግረውም። እፊቱ ቆሞ እያየው፣ «ባልሽን ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው» ይለኛል። ባለቤቴም እኔን እያየ፣ «አላህ ይስጥልኝ በያቸው» ይላል። ሁለቱም አንድ አማርኛ እየተናገሩ እኔ መሃል ቆሜ አስተርጓሚ ሆንኩ።

አንድ ግሪካዊ አትክልተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽ ትራክተሩን ለአባቴ ሸጠለት። ቁመቷ ከአህያ እምብዛም አይበልጥም፤ በብርቱካኑ ተራ መሃል ቅርንጫፍ ሳትነካ ታልፋለች። አባቴ «ጥጃዋ» አላት። ችግሩ አትነሳም ነበር። እያቅማማ ለባለቤቴ አሳየው፤ የመጀመሪያው አደራ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ሁለት እሁድ ደክሞባት አስነሳት። አባቴ ራሱ እየነዳ ተራውን ሲዞር እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። እኔም ደስታዬ ሞልቶ ጥጃዋን ከላይ እስከ ታች አጠብኳት።

በሳምንቱ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። የምታፈሰው ከኋላ ነው፤ ካምቢዮዋና ጎማዎቹን የሚያዞረው ብረት በአንድ ሳጥን የታሸጉበት ቦታ። አባቴ ክፉ ቃል አልተናገረም። የቲማቲም ጣሳ አምጥቶ ከሥሯ አስቀመጠ እንጂ። በሄድኩ ቁጥር ጣቱን ነክሮ ያሳየኛል። «ዛሬ ሁለት ጣት ሞልቷል። ለባልሽ ንገሪው።» እንግዳ ሲመጣ ከብርቱካኑ በፊት የሚጎበኘው ጣሳው ሆነ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ቀጥሎ በግራ በኩል ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ቀየረ፤ ከዚያ የቀኙን። ጥጃዋ ሁለት ቀን ደህና ትሰነብትና ጣሳው እንደገና ይሞላል። አንድ ቀን አባቴ በሠራተኞቹ ፊት፣ «ለባልሽ ንገሪው፤ እስከ እሁድ ካላዳናት ሰኞ ከሁርሶ መካኒክ አስመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ እጁን እንዳያነሳባት» አለኝ። ባለቤቴ እዚያው ቆሟል። መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መንገዱ ወጣ።

ቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም። የባቡር ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው አህያ በምታክል ትራክተር ስሙ ሊጠፋ! አባቴ ፊት አንዴ ከወደቀ ደግሞ መነሻ እንደሌለው አውቃለሁ። በአባቴ ተናደድኩ፣ በጥጃዋ ተናደድኩ፣ በጣሳው ተናደድኩ። ከራሴ በቀር ያልተናደድኩበት አልነበረም።

«ስማ» አልኩት በመጨረሻ። «ጋን ሲያፈስብኝ ስንጥቁን እንዴት እንደማገኘው ታውቃለህ? አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዱቄት እነሰንስበታለሁ። ውሃ ስሞላው መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ እሱ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መካኒኳ እኔ ነኝ እንዴ?»

ሳቀ። ከብዙ ቀን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እሁድ በጠዋት ላምባና ነቀዝ የበላው የበቆሎ ዱቄት ይዘን በጋሪ መልካ ጀብዱ ገባን። ባለቤቴ የጥጃዋን የኋላ ሳጥን በላምባ አጥቦ በጨርቅ አደረቀው። እኔ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። አባቴ አይቶ ጮኸ።

«አቦ! ብረት ዱቄት ይቀባል እንዴ? ወላሂ ሁለታችሁም አብዳችኋል!» ከዚያ ነገሩ ትዝ ብሎት ወደ እኔ ዞረና፣ «ባልሽንም አብደሃል በይው» ብሎ አስተካከለ።

ቢሆንም ነዳት። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ተራውን ሁሉ አዳርሶ መለሳት። እኔና ባለቤቴ ከኋላዋ ተንበረከክን። የረጠበው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። ግራው ረጥቧል፣ ቀኙ ረጥቧል፣ የሳጥኑ መጋጠሚያም ረጥቧል። እኔ ተስፋዬ ቁርጥ አለ። የባለቤቴ ፊት ግን በራ።

«ሦስቱም ባንድ ቀን አያረጁም» አለ። «ከውስጥ የሚገፋቸው ነገር አለ። ሳጥኑ ሲግል አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን እየገፋው ነው። መተንፈሻ ሊኖራት ይገባል።»

ከመቀመጫው ሥር እጁን ሰዶ ዳበሰ። ትንሽ ጣት የምታክል ቱቦ አለች። አፏ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ሲነቅለው ጥጃዋ «ጢስስ» ብላ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

ጨርቁ የሻሼ ቁራጭ ነበር። ያጠብኳት ዕለት ክፍት ቀዳዳ አይቼ፣ አፈር እንዳይገባባት ብዬ ወትፌ፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ባለቤቴም ሻሹን ያውቀዋል፤ የገዛልኝ እሱ ነው። አየኝ። አባቴ ደረሰ። «ማነው የደፈናት?»

ባለቤቴ ጨርቁን ኪሱ ከተተው። «እኔ ነኝ፣ አባ። አፈር እንዳይገባ ብዬ ደፍኜ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለባልሽ ንገሪው» አለ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ዘይት እንጂ ሌላ ከእጁ እንደማይወጣ ተናግሬ ነበር።»

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ዱቄቱን ያመጣሁት ብልህ ልጅ ሆኜ እቀራለሁ፤ እሱ ዕድሜ ልኩን ጥጃዋን የደፈነ መካኒክ። እውነቱን ልናገርና ለአፍታ ዝም አልኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ። «ኪሱን ፈትሸው፣ አባ! ሻሹ የኔ ነው። የወተፍኳት እኔ ነኝ!»

አባቴ ጨርቁን ተቀብሎ አገላበጠው። እሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣና መሬት ላይ አስቀመጠው። «እናትሽም» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «እናትሽም በሰኔ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ወትፋ ልትጨርሰኝ ነበር!» ሳቁ ሲበርድለት ዞረ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባለቤቴ። «አንተ ደግሞ፣ እሷን ለማዳን ስምህን ሰጠህ?»

«ሚስቴ ናት፣ አባ» አለ ባለቤቴ።

አባቴ ጣሳውን ከጥጃዋ ሥር አንስቶ ይዞት ወደ ቤት ገባ።

ባለቤቴ አየሩ እየገፋ ያላላቸውን ቀለበቶች በአዲስ ቀየረ፤ ዘይቷንም ሞላ። መተንፈሻዋ ላይ አንገቱ ወደ ታች የተቆለመመ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ገጠመላት፤ አየር ይወጣል፣ አፈር አይገባም። «ይህ ለጥጃዋ ነው ለኔ?» ብዬ ብጠይቀው «ላንቺ» አለኝ። የሁርሶው መካኒክ ሳይጠራ ቀረ።

በሚቀጥለው እሁድ ስንሄድ ከጥጃዋ ሥር ያለው አሸዋ ደረቅ ነበር። ልንመለስ ጋሪው ላይ ከወጣን በኋላ አባቴ ያንን ጣሳ ይዞ መጣ። ዘይቱ ታጥቦ ለቆት፣ ውስጡ ስንዝር የማትሞላ የሎሚ ችግኝ ተተክላበታለች። እኔ እጄን ዘረጋሁ። እኔን አልፎ ለባለቤቴ አቀበለው።

«ልጄ» አለው፣ «ውሃው እንዲወርድ ከታች በሚስማር ሦስት ቀዳዳ በስቼለታለሁ። እሷ እንዳታይብህ።»

ባለቤቴ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚራ እስክንደርስ ከጭኑ ላይ አላወረደውም።